ሽንኩርቱን አትቁረጡት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ሰላም ናችሁ ወይ? እኔ ደሴ ላይ ትንሽ ፎቶ ቤት ያለኝ ሰው ነኝ። ወረቀቱ ጋዜጣ እዚህ እስኪደርስ ወሬው ስለሚያረጅ ብዙ ጊዜ የማነባችሁ ቴሌግራም ላይ ፒዲኤፉን ስትለቁት ነው። ሰሞኑን ማህበራዊ ሚዲያው በሐሰተኛ ፎቶ ተጥለቅልቋልና ሕዝቡ ወደታማኝ ጋዜጣ ይመለስ የምትል ነገር ጽፋችሁ አየሁና ትንሽ ሳቅ ትንሽ ንዴት ያዘኝ፣ ደንበኛ እስኪመጣ ብዬ የጀመርኩት ደብዳቤ ይሄው ረዝሞ ረዝሞ ቁጭ አለ። ካልበዛባችሁ እንዳለ አውጡት፣ ከበዛ ቆርጣችሁ አውጡት፣ ግን አቆራረጥን በተመለከተ ከታች የምለው ስላለኝ መጀመሪያ እሱን አንብቡልኝ።

በቅድሚያ ልናዘዝ። እኔ ራሴ በፎቶ እየዋሸሁ ነው እንጀራ የምበላው። ወላሂ ነው የምላችሁ። ብጉር አጠፋለሁ፣ የተሸበሸበ ግንባር አለሰልሳለሁ፣ ለጉርድ ፎቶ በቲሸርት የመጣውን ልጅ በኮምፒውተር ሱፍና ከረባት አልብሼ እሸኘዋለሁ፣ ያቺ ሱፍ ደግሞ አንድ ናት፣ የሰፈራችን ሥራ ፈላጊ ግማሹ ሲቪው ላይ እሷኑ ነው የለበሰው። አንዴ አባቷ ከሞቱ ስድስት አመት የሆናቸው ሙሽራ መጥታ ለመነችኝና ፊታቸውን ከመታወቂያ ላይ አንስቼ ሰርጓ መሀል አቆምኩላት፣ እናትየዋ ፎቶውን አቅፈው ሲያለቅሱ እኔም አብሬ አልቅሻለሁ። ከኛ በፊት የነበሩት የፎቶ ቤት ሰዎችም እኮ ግድግዳው ላይ ባህር፣ ዘንባባና አውሮፕላን በቀለም አስለው ከፊቱ ያቆሙህ ነበር፣ ደሴ ላይ ባህር የት አለ? ግን በዚህ ሁሉ ማንም አልተታለለም። የተነሳው ያውቃል፣ ያነሳው ያውቃል፣ ጅዳ ሆኖ ፎቶው የሚላክለት ዘመድም ያውቃል። ሁላችንም ተስማምተን የገባንበት ውሸት ነው። የጋዜጣ አንባቢ ግን በምንም አልተስማማም፣ እሱ እዛ ቆሞ ያየ ሰው ያየውን ያሳየኛል ብሎ ነው ገጹን የሚገልጠው። እኔ የሙሽሪትን አባት ሰርግ ላይ ሳቆም ምርቃት አገኘሁ፣ ያንኑ ነገር ጋዜጣ ላይ ባደርገው ሌባ ነኝ፣ የምሠራበት ማውስ ግን ያው አንድ ማውስ ነው።

አሁን ወደራሴ ጉዳይ ልምጣ። ጥር 2012 የእህቴ ሰርግ ነበር። እቴቴ፣ የእናቴ ታናሽ ናት፣ እኔንም ያሳደገችኝ እሷ ናት፣ ከጓሮ ዱካ ላይ ተቀምጣ ለወጡ ሽንኩርት ትከትፋለች። ትልቅ ትሪ ሙሉ ቀይ ሽንኩርት ነው። እንባዋ በሁለቱም ጉንጯ ይወርዳል፣ ሻሿ ወደኋላ ሸሽቷል፣ ቢላዋውን በያዘችበት እጇ ጀርባ አይኗን ልትጠርግ ስትል ቀና ብላ አየችኝ፣ እኔም ቀጭ አደረግኋት። ከኋላዋ የተሰነጠቀ የጭቃ ግድግዳ አለ፣ ጥግ ላይ የድንኳኑ ገመድ ይታያል፣ ብርሃኑ የጠዋት ነው። ራሴን ማመስገን አይሁንብኝና ጥሩ ፎቶ ነበር። በፎቶ ቤቴ ፔጅ ላይ "የሰርግ ሽንኩርት" ብዬ ማህተሜን ጥግ ላይ አድርጌ ፖስት አደረግኩት፣ ሰው ሳቀ፣ እቴቴም ሳቀች፣ አለፈ።

ከዛ 2014 መጣ። በጥቅምት ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ የከተማው ሰው እንዴት እንደወጣ እዚህ የነበረ ሰው አይረሳውም። እኔ ሚስቴንና ልጆቼን ይዤ ቀደም ብዬ አዲስ አበባ ገብቼ ነበር። እቴቴ ግን ቤቴን ትቼ የትም አልሄድም ብላ ቆይታ መጨረሻ ላይ ከነጎረቤቶቿ ኮምቦልቻ ድረስ ወደ 25 ኪሎ ሜትር በእግሯ ወረደች፣ ከዛ በአይሱዙ ተጭና ደብረ ብርሃን ገባች፣ ትምህርት ቤት ውስጥ አንድ ክፍል ለስንት ቤተሰብ። ኅዳር ላይ አንድ ጋዜጣ፣ ስሙን አልጠራም፣ በወረቀቱም በፌስቡክ ገጹም እቴቴን አወጣት። ከስር "ከደሴ የተፈናቀሉ እናት" ይላል። ሽንኩርቱ የለም። ትሪው የለም። ቢላዋው የለም። የድንኳኑ ገመድና የኔ ማህተም አብረው ሄደዋል። የቀረው ፊቷ፣ እንባዋና ያ የተሰነጠቀ ግድግዳ ነው፣ ቀለሙን ደግሞ ትንሽ አፍዝዘውታል። የፎቶው ባለቤት በሚጻፍበት ቦታ "ከማህበራዊ ሚዲያ የተገኘ" ብለዋል። እሺ፣ እኔ ማህበራዊ ሚዲያ ነኝ ማለት ነው።

ጅዳ ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ አለቻት። ፎቶውን ማታ ስልኳ ላይ አየችው። እናቷ እንደዛ ስታለቅስ አይታ አታውቅም፣ ሰርጉ ላይ አልነበረችም፣ ሽንኩርቱን ከየት ታውቀዋለች። የሞተብን ሰው አለ ማለት ነው፣ ደብቀውኛል ብላ ስትጮህ አደረች፣ ለእናቷ ብትደውል ስልኩ አይሠራም፣ ለኔ ብትደውል እኔም እቴቴን ካገኘኋት አራት ቀን ሆኖኛል። በነጋታው ከማዳሟ የሁለት ወር ደሞዝ ተበድራ ለማን እንደምትልከው እንኳ ሳታውቅ ላከችው፣ አጎቷ ጋ ደረሰ። ያን ብድር ለመጨረስ ስንት ወር እንደፈጀባት እሷ ናት የምታውቀው።

ደብረ ብርሃን ደግሞ እዛው ክፍል የሚያድር አንድ ጎረምሳ ስልኩን ይዞ መጥቶ "እማማ፣ ይሄ እርስዎ ነዎት እንዴ?" አላት። በኋላ ስንገናኝ ስትነግረኝ ድምጿ ውስጥ የነበረውን ነገር ዛሬም እሰማዋለሁ። "አንተ ልጅ፣ እኔ እኮ ከቤቴ ስወጣ አላለቀስኩም። ልጆቹ እንዳይደነግጡ ብዬ ኮምቦልቻ ድረስ አንዲት ጠብታ አላፈሰስኩም፣ አብሽሩ አብሽሩ እያልኩ ነው ያወረድኳቸው። አሁን ይሄው አገሩ ሁሉ ሳለቅስ አየኝ" አለችኝ።

ጋዜጣው ቢሮ ደወልኩ። ከስንት ምልልስ በኋላ አንድ ኤዲተር አገናኙኝ፣ ትሁት ሰው ነው፣ አልሰደበኝም።

"ወንድሜ፣ አክስትህ ተፈናቅለዋል አይደል?"

"አዎ።"

"ከደሴ ነው የተፈናቀሉት አይደል?"

"አዎ።"

"ታዲያ ምኑ ላይ ነው ውሸቱ?"

እውነቴን ነው የምላችሁ ለአፍታ መልስ አጣሁ። ስልኩን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ምክንያቱም ሰውየው በአንድ በኩል ልክ ነው፣ ሴትየዋ እሷው ናት፣ ከተማውም ያው ነው፣ መፈናቀሉም እውነት ነው፣ ፎቶው ላይ ደግሞ አንድም ነገር አልተጨመረበትም። የዋሸው መቀስ ነው፣ መቀሱ የተወውን ደግሞ ከስር የተጻፈው ካፕሽን ጨረሰው። መልሱ የመጣልኝ እቴቴ ያለችውን ከነገረችኝ በኋላ ነው። ሴትየዋ በዛ መንገድ ላይ የነበራት አንድ ነገር አለማልቀሷ ነበር፣ ቤቷን ትታ፣ በሯን ሸጉራ፣ ቁልፉን ጡቷ ውስጥ ይዛ ስትወርድ ያላስነካችው ነገር እሱ ብቻ ነበር፣ እሱን ነው የወሰዱባት። ስለተፈናቃይ በጠቅላላው የተጻፈው እውነት ሊሆን ይችላል፣ ስለሷ ግን ውሸት ነው፣ ፎቶው ላይ ያለችው ደግሞ እሷ እንጂ ተፈናቃይ በጠቅላላው አይደለም።

በመጨረሻ ምን አደረጉ? ከፌስቡክ አጠፉት። አለቀ። አንድ መስመር ማብራሪያ የለ፣ ይቅርታ የለ፣ በወረቀቱ የወጣውማ ማን ያነሳዋል። ከዛ በኋላ ያው ፎቶ፣ ከነተቆረጠው፣ አንድ ፔጅ ላይ ስለድርቅ ሲወራ፣ ሌላ ፔጅ ላይ የዘይት ዋጋ ተወደደ ሲባል አይቼዋለሁ። ሁሉም "ከጋዜጣ የተወሰደ" እያለ ነው የሚለጥፈው። ሽንኩርት የከተፈችበት ሰርግ ደግሞ እህቴ ሁለት ልጅ ወልዳበታለች።

በዚህ ነገር ወሎዬ ቶሎ ሆዱ የሚብሰው ለምን መሰላችሁ፣ የወሎ ሰው ከካሜራ ጋር የቆየ ነገር ስላለው ነው። በ1966 ጆናታን ዲምብልቢ የሚባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ እዚህ መጥቶ ያነሳው የረሃብ ፊልም መንግሥት ሲሸፋፍነው የከረመውን ጉድ ለዓለም አውጥቶታል፣ ለዚህ ማንም ወሎዬ አይከሰውም። ደርግ ግን ይሄንኑ ፊልም መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲያሳየው በየመሀሉ የቤተ መንግሥት ግብዣና ጃንሆይ ውሾቻቸውን ሲያበሉ የሚያሳይ ምስል እየሰነቀረ ነበር። በማግስቱ ንጉሡ በቮልስዋገን ተጭነው ሄዱ። ረሃቡ እውነት ነው፣ ግብዣውም እውነት ነው፣ ውሾቹም ነበሩ፣ ሁለቱን አንድ ላይ የሰፋው መርፌ ግን የደርግ መርፌ ነው፣ አየ የተባለው ሕዝብም ያየው ስፌቱን ነው። ታሪክ አዋቂ ነኝ አልልም፣ ግን ቪዲዮ ኤዲት የምሠራ ሰው ነኝና አንድ ቁራጭ ከሌላው ቀጥሎ ሲመጣ ሁለቱም ለየብቻ ያላሉትን ሦስተኛ ነገር እንደሚናገሩ በየሰርጉ አያለሁ፣ አማትየዋ የተቆጣችበትን ቁራጭ ከሙሽራዋ ሳቅ ቀጥዬ ባስገባው ትዳር ይፈርሳል። ደርግ ራሱ ደግሞ በ1977 መስከረም አስረኛ ዓመቱን በድግስ ሲያከብር ኮረም ላይ ሰው ይረግፍ ነበር፣ በራሱ ቴሌቪዥን የራሱን ድግስ ከራሱ ረሃብ ጋር ሰፍቶ ያሳየ ግን የለም።

ኮረም ያኔ ወሎ ክፍለ ሀገር ነበር። ኬንያዊው የካሜራ ሰው መሐመድ አሚን ከቢቢሲው ማይክል በርክ ጋር ጥቅምት 1977 እዛ ያነሳው ነው ዓለምን ያስነሳው። መሐመድ አሚንን እኔ በሙያዬ አከብረዋለሁ። በ1983 አዲስ አበባ ላይ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ እየቀረጸ አንድ እጁን አጣ፣ በሰው ሠራሽ እጅ ሥራውን ቀጠለ፣ በ1989 ደግሞ የተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ኮሞሮስ ላይ ሲወድቅ ውስጡ ነበር፣ እዛው ሞተ። እሱ አልዋሸም። የዋሹት ከሱ ቀረጻ ላይ አንድ ፍሬም ቆርጠው ዓመተ ምህረቱን ጥለው፣ ዛሬም የወሎ ስም በተነሳ ቁጥር የሚለጥፉት ናቸው። ያኔ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ የታየው ሕፃን ከተረፈ አሁን የልጅ ልጅ ሊያይ ደርሷል። ፎቶው ላይ ግን ይሄን ያህል ዓመት ሙሉ አንድ ጠዋት ላይ አስቀምጠውታል።

የውጪውን ጉድ ደግሞ በሙያዬ እከታተላለሁ። በፈረንጆቹ 2003 የሎስ አንጀለስ ታይምሱ ብራያን ዋልስኪ ኢራቅ ባስራ አካባቢ ሁለት ፎቶ አንስቶ የእንግሊዙን ወታደር ከአንዱ፣ ልጁን የታቀፈውን ሰውዬ ከሌላው ወስዶ አንድ አደረጋቸው። የተያዘው ከኋላ ከተቀመጡት ሰዎች አንዳንዶቹ ሁለቴ ስለታዩ ነው፣ ሌላ ጋዜጣ ላይ ያለ ሰው አይቶት። ወዲያው ተባረረ፣ ጋዜጣውም ለአንባቢው ነገረ። በ2006 ደግሞ የሮይተርስ ፎቶ አንሺ አድናን ሐጅ ከቤይሩቱ የቦምብ ጥቃት በኋላ ያለውን ጭስ በፎቶሾፕ አበዛው። ያን ፎቶ ሳየው ሳቄ መጣ፣ ክሎን ስታምፕ የምትባለዋን፣ የፎቶውን አንድ ቦታ ቀድታ ሌላ ቦታ የምትለጥፈዋን ነገር ይዞ ጭሱን እንደማህተም ረግጦት ረግጦት፣ ያው ቅርጽ እየተደጋገመ ይታያል፣ የኔ ተለማማጅ እንኳ እንዲህ ቢሠራ ተቆጥቼ ነው የማስደግመው። ሮይተርስ ግን አልሳቀም፣ የሰውየውን 920 ፎቶ በሙሉ ከሽያጭ አወረደ። ከዛ በ2014 አሶሼትድ ፕሬስ ናርሲሶ ኮንትሬራስ የሚባለውን ባለሙያ አሰናበተ፣ ሶሪያ ላይ ካነሳው ፎቶ ጥግ የሌላ ጋዜጠኛ ቪዲዮ ካሜራ ስላጠፋ። እኔ በቀን አስር ጊዜ የማደርገውን ማለት ነው፣ የሰርግ ፎቶ ላይ የገባ የቆሻሻ ቅርጫት፣ የገባ ባጃጅ። ፎቶው ላይ ያለው ተዋጊ መሣሪያውም ሆነ ፊቱ አልተነካም፣ ግን ጥግ ላይ የነበረውን የነካ እጅ ነገ መሀሉን እንደማይነካ በምን ይታወቃል ነው ነገሩ።

እነዚህን ሳነሳ ፈረንጅ ጨዋ ነው ልላችሁ አይደለም። እዛም ቢሆን አንገቱ የሚቀላው ካሜራ የያዘው ነው፣ "እንባ ያለበት ፎቶ አምጣ" ብሎ የላከው ሰው ወንበሩ ላይ ይቀራል። ይሄን የምለው ከልምድ ነው። በኛ አቆጣጠር በ2008ቱ ድርቅ ጊዜ ከአዲስ አበባ ለመጣ አንድ ፎቶ አንሺ መንገድ መሪና ዕቃ ተሸካሚ ሆኜ ወደሰሜን ወሎ ሄጄ ነበር። ስንዴ የሚታደልበት ቦታ አንድ ሽማግሌ አገኘን፣ ነጭ ጋቢ፣ ንጹህ ቆብ፣ ጢማቸውን ሳይቀር አበጥረዋል።

"አባባ፣ ይሄን ጋቢ ቢያወልቁትስ? ያ ከስር ያለው አሮጌው ይሻላል" አላቸው።

"ለምን ልጄ?"

"ለፎቶው እንዲመች ነው።"

"ይሄን የለበስኩት እኮ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ይመጣል ብለውኝ ነው። ከሳጥን ነው ያወጣሁት።"

ሰውየው ዝም ብሎ ጠበቃቸው። እሳቸውም ስንዴው እንዳይቀርባቸው ብለው ነው መሰለኝ ጋቢውን አጥፈው ለልጅ ልጃቸው አስያዙት። ጫማቸውንም አስወለቃቸው። እኔ ምን ሳደርግ ነበር? ሪፍሌክተር ይዤ ፊታቸው ላይ ብርሃን ሳንጸባርቅ። አንድ ቃል አልተነፈስኩም፣ ማታ አበሌን ተቀብዬ ቤቴ ገባሁ። ስለዚህ የእቴቴ ፎቶ ሲወጣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ የምጮህ ንጹህ ሰው አይደለሁም። ያ የሽማግሌው ፎቶ ግን በየትኛውም ምርመራ ቢታይ ንጹህ ነው፣ አንድ ፒክስል አልተነካም፣ ፎቶ አንሺውን ኦርጅናሉን ብትጠይቁት ይሰጣችኋል።

እና ምን ይደረግ ነው የምትሉኝ። እኔ ጋዜጣ አዘጋጅቼ አላውቅም ግን ከዚህ ከደሴ ሆኖ የሚታየኝን ልንገራችሁ። ካፕሽን ላይ መች፣ የት፣ ማን አነሳው የሚሉት ሦስቱ ካልተሟሉ ፎቶው አይውጣ፣ ነገሩ በቃ ይሄ ነው። "ከፋይል" የምትለዋን ደግሞ በጉንዳን ፊደል ጥግ ላይ አትወሽቋት፣ የአምናን ፎቶ ዘንድሮ ስታወጡ የአምና ነው በሉ፣ አንባቢው ይረዳችኋል። ፎቶ ከሰው ስትቀበሉ በቴሌግራም እንደፎቶ ከላከላችሁ ምስሉ ይጨመቃል፣ ውስጡ ያለው መረጃ፣ በምን ካሜራ በስንት ሰዓት እንደተነሳ የሚያሳየው ሁሉ ይጠፋል፣ ስለዚህ በፋይል ላክልኝ በሉት፣ ከሱ በፊትና በኋላ ያነሳቸውንም ጨምሮ። የእውነት ያነሳ ሰው አንድ ብቻ አያነሳም፣ እኔ እቴቴን በዛ ጠዋት አስራ አንድ ጊዜ ነው ያነሳኋት፣ በአስሩ ላይ ሽንኩርቱ ፍንትው ብሎ ይታያል፣ በአንዱ ላይ እንደውም ቢላዋውን ወደኔ ወርውራ ልትመታኝ ስትል ነው። ፌስቡክ ላይ ያገኛችሁትን ደግሞ ፎቶ ሰጥተኸው የወጣበትን በሚፈልግልህ በጎግል ሌንስ ማስፈለግ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፣ የእቴቴን ፈልገው ቢሆን ኖሮ "የሰርግ ሽንኩርት" የሚለው የኔው ፖስት ሊመጣላቸው ይችል ነበር።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ለአካባቢው ሰው መደወል ነው። በዛው በጦርነቱ ሰሞን "ደሴ ዛሬ ጠዋት" ተብሎ የተለቀቀ ፎቶ አይቻለሁ፣ ከኋላ ያለው ተራራ ጦሳ አይደለም፣ የባጃጁ ሰሌዳ ላይ "አማ" የሚል የለም፣ ሳሩ ደግሞ የነሐሴ ሳር ነው፣ ወሩ ግን ኅዳር ነበር። እዚህ ያለ ሊስትሮ እንኳ ጫማ እየጠረገ ይነግራችኋል። ጥቅምት አልፎ አገሩ ምን እንደሚመስል፣ አጨዳ ላይ ምን እንደሚለበስ፣ የቱ ግድግዳ በየት በኩል እንደሚሠራ የሚያውቅ አንድ ሰው ስልካችሁ ውስጥ ይኑር። ለዚህ ሶፍትዌር አያስፈልግም።

ስትሳሳቱ ደግሞ፣ መሳሳት ያለ ነው፣ ፊት ገጽ ላይ ግማሽ ገጽ ወስዶ የወጣ ፎቶ ማስተካከያው አስራ አራተኛ ገጽ ላይ ከጨረታ ማስታወቂያ ስር በሁለት መስመር አይውጣ። የተቆረጠውንና ያልተቆረጠውን ጎን ለጎን አውጡት፣ እዛው የወጣበት ገጽ ላይ፣ ያው ስፋት። የተነሱት ሰዎች ያፍራሉ ብላችሁ ትፈሩ ይሆናል፣ እፍረቱስ የማን ነው? ከፌስቡክም አታጥፉት፣ ስታጠፉት ስክሪንሾቱ ብቻውን ወላጅ አልባ ሆኖ ይዞራል፣ ይልቅ እዛው ላይ "ይህ ፎቶ ስህተት ነው፣ እውነቱ ይሄ ነው" ብላችሁ ጻፉበት፣ ሼር ያደረገው ሰው ተመልሶ ሲመጣ ያገኘዋል። አንድ ሰው ደግሞ አንዴ ከተያዘ የቀድሞ ፎቶዎቹን ሁሉ አንድ በአንድ እዩ፣ ሮይተርስ ያደረገው እሱን ነው፣ ግን ማን እንዳዘዘውም ጠይቁ። ለአንድ ፎቶ የታክሲ በማትሞላ ብር ስታሠሩት የከረማችሁት ልጅ ነገ ሁለቱን ፎቶ አንድ አድርጎ ቢያመጣላችሁ ሙሉ በሙሉ የሱ ጥፋት ብቻ አይመስለኝም።

አሁን ደግሞ ስለኤአይ፣ ማለትም ኮምፒውተር ራሱ ፈጥሮ ስለሚሠራው ፎቶ ትንሽ ልበል፣ ብዙ ማለት አልፈልግም፣ ምክንያቱም ሁሉም ሰው ስለሱ እያወራ የቆየውን ውሸት እየረሳው ነው። ባለፈው አንድ ፔጅ "የወሎ እናት ቡና ስታፈላ" ብሎ ለቀቀ፣ ቆንጆ ናት፣ ጥርሷ እንደወተት፣ ጀበናዋ ግን ሁለት አፍ አላት። ሰው ከስር "ማሻአላህ ወሎ የፍቅር አገር" እያለ ሺህ ኮሜንት። ከጀበናው የሚቀዳላቸው የት ቆመው እንደሆነ እንጃ። ይሄኛው ቢያንስ ጀበናውን አይቶ ይታወቃል፣ በየወሩ ደግሞ እየተሻሻለ ነው፣ ነገ ጀበናው ይስተካከላል። ጋዜጣ ላይ ስለሰው፣ ስለቦታ ወይ ስለአደጋ በሚወራ ዜና ስር እንዲህ ያለውን "በምሳሌነት" እያሉ ማውጣት ግን ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ሊገባኝ አይችልም፣ ምንም ፎቶ ከሌላችሁ ካርታ አውጡ፣ ካርታ አያለቅስም።

አውቃለሁ፣ ልትሉኝ የምትችሉት አለ። በጀት የለንም፣ ክፍለ ሀገር የሚላክ ፎቶ አንሺ የለንም፣ የወረቀትና የማተሚያ ዋጋ አልቻልነውም፣ መንገዱ ሲዘጋ ደግሞ ማንም አይገባም። እውነት ነው፣ አልከራከርም። በጦርነቱ ጊዜ ደሴ ውስጥ ሆኖ ማንሳት የሞት ጉዳይ ነበር፣ ያላነሳን ሰዎችም ፈርተን ነው። ግን እኮ ማንም ሳያነሳው የቀረ ነገር ሳይነሳ ቀረ ብሎ መጻፍ ይቻላል። አንድ ጊዜ እንኳ "ከደሴ ወጥተው ደብረ ብርሃን ስለሰፈሩት ሰዎች ዛሬ ፎቶ የለንም፣ ያገኘናቸውም አልነሳም ብለዋል" ብሎ ባዶ ቦታ የተወ ጋዜጣ አይቼ ብሆን ከዋጋው አስበልጬ በመቶ ብር እገዛው ነበር። ሚስቴ ይሄን ስነግራት "ባዶ ወረቀት በመቶ ብር?" ብላ ሳቀችብኝ፣ ይሁን።

እቴቴ አሁን ደህና ናት፣ ቤቷ ተመልሳለች፣ በሩን ሰብረው የወሰዱት ወስደው የተዉላት ትሪውን ነበር። ይሄን ደብዳቤ እንደምጽፍ ስነግራት መጀመሪያ "ተው ልጄ፣ ያለፈ ነገር ነው" አለች፣ ማታ ላይ ደውላ ሐሳቧን ቀይራ "እንደውም ፎቶውን ላክላቸው፣ ያውጡት" አለችኝ። እናም አያይዤ ልኬላችኋለሁ፣ በፋይል ነው፣ አስራ አንዱንም። ካፕሽኑን እሷ ራሷ እንዲህ አጽፋኛለች፦ ደሴ፣ ጥር 2012፣ ለእህቱ ሰርግ ሽንኩርት እየከተፍኩ፣ ያነሳኝ የእህቴ ልጅ። ካወጣችሁት ትሪው ድረስ አውጡት ብላለች፣ ቦታ ካነሰባችሁ ከላይ ከግድግዳው ቁረጡ።

ፎቶ አንሺው፣ ከደሴ